ተከሳሽም ከፋይም መንግሥት ሲሆን



በመንግሥት ሐኪም ቤት የተጎዳ ሰው አቤት የሚለው ለዚያው ለመንግሥት ነው። ጥፋቱን የሚያጣራው እሱ፣ ካሳውን የሚቆርጠው እሱ፣ ሰነዱን ቆልፎ የያዘውም እሱ ነው። ለተጎጂው ከፍርድ ቤት ሌላ የሚቀርለት ደጅ ምክር ቤት ነው። ያ ደጅ ሳይከፈት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን የብሪታንያ የተበከለ ደም ጉዳይ ያሳያል። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ከ30,000 በላይ ሰዎች በብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሲታከሙ በተሰጣቸው ደምና ከደም በተሠራ መድኃኒት ሳቢያ ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ያዛቸው። ወደ 3,000 የሚጠጉት ሞተዋል። ደማቸው አልረጋ የሚላቸው የሄሞፊሊያ ሕሙማን የሚወስዱት ፋክተር 8 የተባለ መድኃኒት የሚሠራው የብዙ ሺህ ሰዎችን ፕላዝማ በአንድነት በመቀላቀል ነበር። ከፊሉ ከአሜሪካ፣ ገንዘብ ከሚከፈላቸው ሰዎች፣ ከእስረኞች ሳይቀር የተሰበሰበ ነው። የአንዱ በሽታ መላውን ይበክላል። ሕፃናትም ወስደውታል።

በ1991 ኤችአይቪ የያዛቸው የሄሞፊሊያ ሕሙማን በመንግሥት ላይ ያቀረቡትን ክስ በስምምነት ሲዘጉ፣ ገንዘቡን ለመቀበል በሄፓታይተስም ወደፊት እንደማይከሱ መፈረም ነበረባቸው። ብዙዎቹ ሄፓታይተስ ሲ በደማቸው እንዳለ ገና አልተነገራቸውም ነበር። ሞት ደጁ የቆመበት ሰው እንዲህ ያለውን ውል ሲፈርም ተገደደ እንጂ ተስማማ አይባልም።

እንደራሴዎች ሲጠይቁ የሚኒስትሮቹ መልስ ለዓመታት አንድ ነበር፤ ሕሙማኑ በጊዜው ከነበረው ሕክምና ምርጡን አግኝተዋል የሚል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ጥያቄም ጠያቂም አልጠፋም፤ መልሱ በምን ማስረጃ ላይ እንደቆመ ግን ምክር ቤቱ በሙሉ ኃይሉ ሳይፈትሽ ዘመን አለፈ። ሰር ብራያን ላንግስታፍ የመሩት የተበከለው ደም ጉዳይ አጣሪ አካል በሜይ 2024 ባወጣው ሪፖርት ያ መልስ መሠረት እንዳልነበረው፣ በ1993ም የመንግሥት ሰነዶች ሆን ተብሎ እንዲጠፉ መደረጉን ገልጧል።

ምክር ቤቱ በሥልጣኑ የተጠቀመበት ቀንም አለ። ላንግስታፍ በኤፕሪል 2023 የካሳ ተቋም ሳይውል ሳያድር ይቋቋም ቢሉም፣ መንግሥት የመጨረሻውን ሪፖርት እጠብቃለሁ አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 4 ቀን የሌበር ፓርቲ እንደራሴዋ ዳያና ጆንሰን በክርክር ላይ በነበረ ረቂቅ ሕግ ላይ፣ ሕጉ በጸደቀ በሦስት ወር ውስጥ ተቋሙ እንዲመሠረት የሚያስገድድ ማሻሻያ አቀረቡ። 246 ለ242 አለፈ። ከገዢው ፓርቲ ጥቂት እንደራሴዎች የመሪዎቻቸውን ትእዛዝ ባይጥሱ ኖሮ ይወድቅ ነበር። በ2024 ተቋሙ በሕግ ተመሠረተ፤ በኦክቶበርም በጀት 11.8 ቢሊዮን ፓውንድ ተያዘለት። ይህም ሆኖ ላንግስታፍ በጁላይ 2025 የካሳውን አዝጋሚነት ዳግመኛ መውቀስ ነበረባቸው። እየጠበቁ የሞቱ አሉ።

በምክር ቤት ወንበር ያላችሁ፣ ለወንበሩም ሰው የምትመርጡ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ፤ ስለተጎዳ ሕመምተኛ ጠይቃችሁ የአምናው መልስ ቃሉ ሳይለወጥ ሲመለስላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። መልሱ የቆመበትን ሰነድ አስቀርቡ፤ ካሳው የሚከፈልበትንም ቀን በሕግ ቁረጡ።