ዳገት ላይ የሚጨሰው ላንድክሩዘር

ቶዮታ ላንድክሩዘር 70ን ለገበያ ያቀረበው በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አርባ ዓመት ቢያልፈውም፣ ገጠሪቱ ኢትዮጵያ ዛሬም አምቡላንስና የእርዳታ መኪና አድርጋ ትነዳዋለች።

አሮጌው ላንድክሩዘር ሰቆጣ ዳገት ላይ ለምን ጥቁር ጭስ ይተፋል? የዋግ ኽምራዋ ከተማ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የለውም፤ አየር ሲያጥረው ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል።

የዋግ ኽምራ አቧራ የአየር ፊልትሮውን ሲደፍነው ጭሱ ይብሳል። ባለቤቱ ኮፋኖውን ከፍቶ ፊልትሮውን ያውጣ፤ በቀላል የአየር ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፋው። ድንጋይ ላይ መቀጥቀጥ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ወረቀቱን ይቀድዳል።

ጭሱ ካልቀነሰ ግን የናፍጣ ፖምፓውን በቤት አይነካኩት፤ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው።