በካሊፐርና በቸርኬ መካከል ስላለው ክፍተት
የቀላል ጭነት መኪኖችን የፊት ፍሬን ስለ ማሻሻል ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወርዳል። ክብደቱ ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሆነ ፒክአፕ በአንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለት ብቻ የሚያስረክበው ጉልበት 24.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ አኃዝ ለጆሮ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር በሌላ መልክ ሊነገር ይችላል፤ 80 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ እስከሚፈላበት እስከ 92 ዲግሪ ገደማ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይዞ የሚያስቀረውና ነፋስ የሚወስደው ሲቀነስ፣ ቀሪው በሙሉ የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር ይህን ስሌት ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ይረዳዋል፤ የጋለ ሸራ ሽታ ወደ አፍንጫው ሲመጣ ስሌቱ ተፈጽሟልና።

እንግዲህ ብዙ የመኪና ባለቤቶች ከፋብሪካ የመጣውን የፊት ፍሬን በትልቅ ዲስክና በትልቅ ካሊፐር ለመተካት የሚያስቡት ከዚህ የተነሣ ነው። አሳቡም መሠረት አለው። የዲስኩ ዲያሜትር ሲያድግ ሸራው የሚይዝበት ራዲየስ ስለሚረዝም በዚያው የመርገጥ ኃይል የሚገኘው ጠመዝማዥ ኃይል ይጨምራል፤ ከዚህም ይልቅ የሚጠቅመው የብረቱ ብዛት ነው። ከባድ ዲስክ ያንኑ ሙቀት በዝቅተኛ የሙቀት መጠን ይሸከመዋል፣ ሰፊ ገላውም ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። በከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይታከላል። የፍሬን ረዳቱ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በባዶ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ረዳቱ የሚሰጠው እገዛ በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በደጋ የሚነዳ ሰው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ቢረግጥ የእግሩ ስንፍና አይደለም።

የዲስክ ፍሬን አሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ ዓለም ግን ልብ ያለው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የጃጓር ኩባንያ መኪና በዲስክ ፍሬን የለ ማንን ውድድር ሲያሸንፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የፊት ታምቡር ከቀላል መኪኖች ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ። የዛሬው ጉዳይ ግን የታሪክ ሳይሆን የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው።

ትልቁ ካሊፐር የሚገባው በቸርኬው ውስጥ ነው። ቸርኬውን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ያሰበው ለትንሹ ካሊፐር ነበር። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2004 ዓ.ም. የተሠራውን ቶዮታ ታኮማ ወይም የዚያኑ ዘመን ፎርራነር የያዙ ሰዎች የታላቅ ወንድሙን የቶዮታ ተንድራን ካሊፐርና ዲስክ ወስደው መግጠም የታወቀ ልማዳቸው ነው። የማሠሪያ ቡሎኖቹ ይገጥማሉ፤ ከዲስኩ በስተኋላ ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ቆረጥ ማድረግ ይበቃል። ሥራው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ያለው ሰው ጎማውን መልሶ ሊያስር ሲል ቸርኬው ካሊፐሩ ላይ ዐርፎ አልገባ ይላል፤ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ያለው ደግሞ አንዱ ሲገባለት ሌላው አይገባለትም።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ስሌቱ ግልጽ ነው። ቸርኬ 15 ኢንች ነው ሲባል የሚለካው የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ዲያሜትር፣ ማለትም 381 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ ካሊፐሩ የሚያገኘው ክፍት ቦታ አይደለም። በቸርኬው ወገብ ላይ ጎማው ሲገባና ሲወጣ ከንፈሩ የሚወድቅበት ጎድጓዳ ክፍል አለ፤ ጥልቀቱ በተለመደው ቸርኬ ላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዚያ ጎድጓዳ ሥር የሚተርፈው የውስጥ ራዲየስ 170 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሌላው ወገን ዲያሜትሩ 320 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ 160 ሚሊ ሜትር ራዲየስ አለው፤ በዲስኩ ጠርዝና በካሊፐሩ ድልድይ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ለድልድዩ ውፍረት ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ቢታሰብ የካሊፐሩ ጀርባ የሚደርሰው 180.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድላል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም በመዶሻ አያስገባውም። በ16 ኢንች ቸርኬ ያው ስሌት ቢሠራ የውስጡ ራዲየስ 183 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን የሚተርፈው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በ17 ኢንች ላይ ግን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይገኛል። እንግዲህ አጠራጣሪው፣ መካኒኩን የሚያታልለውም መካከለኛው ቸርኬ ነው። ጎድጓዳው ከካሊፐሩ ድልድይ ትይዩ ከዋለ ይነካል፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ከተሠራ ግን በሰፊው ያልፋል። በቸርኬው ላይ የታተመው የኢንች ቁጥር ይህን አይናገርም።

እስካሁን የተነገረው በዙሪያው ስላለው ክፍተት ነው። ሁለተኛው ክፍተት በጎን በኩል፣ በካሊፐሩ ውጫዊ ፊትና በቸርኬው ገጽ መካከል ያለው ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚመለከተው ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚገልጸውን፣ መካኒኮች ኦፍሴት የሚሉትን መጠን ነው። ይህ መጠን ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ስፋታቸውም ኦፍሴታቸውም አንድ የሆነ ሁለት ቸርኬዎች፣ አንደኛው ክንዶቹ ወደ ውጭ የደገኑ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የሰረጉ በመሆናቸው አንዱ ካሊፐሩን ሲያሳልፍ ሁለተኛው ሊፍቀው ይችላል። የጎን ክፍተት በቁጥር አይገመትም፤ በመለካት ብቻ ይታወቃል።

አለካኩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ካሊፐርና ዲስክ የሚሸጡ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የካሊፐሩን ጎን በትክክለኛ መጠኑ የሚያሳይ ሥዕል ያቀርባሉ፤ ሥዕሉ በጠንካራ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ይቆረጥና ከወለቀው ቸርኬ ውስጥ በመግጠሚያው ፊት ላይ ተደግፎ ይዞራል። ከመቆረጡ በፊት ግን በሥዕሉ ላይ 100 ሚሊ ሜትር የተባለው መስመር በእርግጥ 100 መሆኑ በማስመሪያ ሊረጋገጥ ይገባል። በማተሚያ መኪና ሁለት በመቶ ያነሰ ሥዕል በ180 ሚሊ ሜትር ላይ ከሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ይዋሻልና፣ ያ ደግሞ የሚፈለገው ክፍተት በሙሉ ነው።

ካርቶኑ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነው። ካሊፐሩ ከተገጠመ በኋላ የሚያረጋግጠው ጭቃ ነው፤ ይኸውም ለስላሳ የሸክላ ጭቃ ወይም የመስተዋት ስቱኮ፣ ቢጠፋም ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሊጥ። በካሊፐሩ ጀርባና በውጫዊ ፊቱ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠፋል፤ ቸርኬው ያለ ጎማ ቢሆን ይመረጣል፣ በሞዞው ላይ ይቀመጣል፣ ዳዶዎቹ ሁሉ በታዘዘው ኃይል ይጠብቃሉ፣ ከዚያም በእጅ ቀስ ተብሎ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ቸርኬው ሲወልቅ በጭቃው ላይ የቀረው ውፍረት በቬርኒየር ይለካል፤ እጅግ የሳሳው ቦታ እውነተኛው ክፍተት እርሱ ነው። ሁለት ዳዶ ብቻ በእጅ ጠምዞ የሚለካ ሰው ቸርኬው በደንብ ስላልተቀመጠ የሚያገኘው ቁጥር ሐሰት ነው። በሞዞው ፊት ላይ የተጋገረ ዝገትም እንደዚሁ ስለሚያሳስት አስቀድሞ በብረት ብሩሽ መጥራት አለበት።

ልኬቱ በአዲስ ሸራና በአዲስ ዲስክ እንዲሆን የሚያስገድድ ምክንያትም አለ፤ ይህ ነጥብ በብዙ ጋራዦች ይዘነጋል። ተንሸራታች በሆነው ካሊፐር የውጩ ሸራ እያለቀ ሲሄድ የካሊፐሩ ገላ ወደ ውስጥ ይሳባል። ባለቀ ሸራ የተለካ የጎን ክፍተት ሰፊ መስሎ ይታይና ባለቤቱ ከወራት በኋላ ሸራ ሲለውጥ ካሊፐሩ ወደ ውጭ ተመልሶ ቸርኬውን ይነካል። በሁለት ወገን ፒስተን ያለው ቋሚ ካሊፐር ግን ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ከዚህ ስሕተት ነጻ ነው።

ምን ያህል ክፍተት ይበቃል የሚለው ጥያቄ አዘውትሮ ይነሣል። በሙያው የተለመደው ዝቅተኛ መጠን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ሚሊ ሜትር የሚበቃው ግን በአስፋልት ለሚሄድና ቸርኬው ቀጥ ላለ መኪና ይመስላል። በጥርጊያ መንገድ የዋለ የብረት ቸርኬ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢዞርበት የሚያስገርም አይደለም፤ የሞዞው ኩሽኔታ ላላ ካለ በመታጠፊያ ላይ ቸርኬው ያጋድላል፤ ካሊፐሩ በ150 ዲግሪ ሲግል ራሱ ሲሶ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። እነዚህ ሲደመሩ ሁለቱ ሚሊ ሜትር ተበልቷል። በጭቃና በጠጠር መንገድ ለሚሠራ መኪና ከሦስት ማነስ የለበትም፤ አራት ቢገኝ ይሻላል። ከጠባብ ክፍተት ውስጥ የተወተፈ ጠጠር የአሉሚኒየሙን ቸርኬ ዙሪያውን እንደ መሮ ይቦረቡረዋልና። ለቸርኬ ሚዛን በውስጥ በኩል የሚለጠፈው እርሳስም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ከካሊፐሩ ትይዩ ከሆነ ቦታው ይለወጣል። ጎሚስታው ጎማ በለወጠ ቁጥር ይህ ሊነገረው ይገባል፤ ሳይነገረው ቀርቶ ካሊፐሩ እርሳሱን ገፎ ቢጥለው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ክፍተቱ ያነሰበት ሰው ሁለት መውጫ ይታየዋል። አንደኛው በሞዞውና በቸርኬው መካከል ስፔሰር ማስገባት ነው። ይህ የጎኑን ክፍተት ያሰፋል እንጂ ጎድጓዳውን ከካሊፐሩ ትይዩ ፈቀቅ ካላደረገው በቀር በዙሪያው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ በአንጻሩ ዳዶው የሚይዝበትን ጥርስ ያሳጥራል፣ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈውንም ጫና ይጨምራል። ሁለተኛው ካሊፐሩን በሞላ መሞረድ ነው። ከቀለጠ ብረት የተረፈች ትንሽ ጉብታ ብትሞረድ ምንም አይደለም፤ ድልድዩን መሞረድ ግን ፍጹም የተከለከለ ሊሆን ይገባል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ካሊፐሩን ሊከፍት የሚታገለውን ኃይል የሚሸከመው ያ ድልድይ ነው።

ቸርኬውን ወደ 16 ወይም ወደ 17 ማሳደግም ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። ዲስኩ ከ295 ወደ 320 ሚሊ ሜትር ሲያድግ የሚገኘው ጠመዝማዥ ኃይል አሥር በመቶ ያህል ነው፤ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር የጎማው ሙሉ ዲያሜትር በአምስት በመቶ ከጨመረ የትርፉ እኩሌታ በመንገዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጎማው ጎን አጠር ብሎ ሙሉ ዲያሜትሩ እንደ ቀድሞው ሊጠበቅ ይገባል። የካሊፐሩ ፒስተኖች ትልልቅ ከሆኑም ዋናው የፍሬን ፓምፕ የሚገፋው ዘይት ሳይበቃ ቀርቶ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ትልቅ ፍሬን በልል ጠጠር ላይ መቆሚያውን እንደማያሳጥርም ለባለቤቱ መንገር ተገቢ ነው፤ እዚያ ላይ የሚወስነው ጎማው ከመሬቱ ጋር ያለው መያያዝ ነው። ትልቁ ፍሬን የሚገዛው የቁልቁለቱን ሙቀት ለመሸከም ነው።

በመጨረሻ የሚረሳው አምስተኛው ቸርኬ ነው። አራቱ ቸርኬዎች ወደ 17 ኢንች ተለውጠው በካርቶንም በጭቃም ተለክተዋል፤ ከጭነቱ ሥር የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ግን አሁንም ባለ 15 ኢንች ነው። መኪናው ሕመምተኛ ይዞ ዓባይ በረሃ ውስጥ የፊት ጎማው ቢፈነዳ ሾፌሩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ፈትቶ፣ ትርፉን ሲያስጠጋ ቸርኬው ካሊፐሩ ላይ ይቆማል። በማሻሻያው ቀን ሌላ ተመሳሳይ ቸርኬ ለመግዛት ገንዘብ ያልተገኘ እንደሆነ፣ ትርፍ ጎማው ታምቡር ባለበት በኋላ በኩል እንደሚገባ በዚያው ጋራዥ ተሞክሮ ሊታይ፣ ዳዶዎቹም ለሁለቱም ዓይነት ቸርኬ የሚስማሙ መሆናቸው ሊረጋገጥ ይገባል። ከዚያም በመኪናው መዝገብ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ አስቀድሞ አንዱ የኋላ ጎማ ተፈትቶ ወደ ፊት ይምጣ፣ ትርፉ በኋላው ቦታ ይታሰር፣ እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ብቻ ቀስ ተብሎ ይነዳ። ለዚህ ሥራ መኪናው ሁለት ጊዜ መነሣት ስላለበት፣ በጭነቱ ውስጥ ሁለተኛ ክሪክና ጎማዎቹን የሚያግዱ ሁለት ድንጋዮች ወይም የእንጨት ጉማጆች አብረው ይቀመጣሉ።