ጠላን በጠርሙስ ማሸግና ማቆየት
ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአካባቢው የአስተዳደር ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር



በዘነበወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ ባሉት መንደሮች ጠላ ጠምቀው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ደጃፋቸው ላይ በዘንግ ጫፍ የተደፋው ጣሳ ምልክታቸው ነው። ገበሬው የሚያመርተው ገብስና ጌሾ መጨረሻው ከሚደርስባቸው ቤቶች አንዱም ይኸው የጠላ ቤት ነው። ይሁን እንጂ የተጣራ ጠላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሸጠ ይኮመጥጣል። ዝናብ ሲውል፣ ጠጪው ሲቀር፣ አንድ ጋን ጠላ ይደፋል። አብሮት የሚደፋው ብቅሉ፣ አሻሮው፣ ማገዶውና ከጥንስስ እስከ ድፍድፍ የተደከመበት ጉልበት ሁሉ ነው። ጠርሙስ የሚታሰበው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ጠላ የሚኮመጥጠው እርሾው የእህሉን ስኳር ወደ አልኮልና ጋዝ ከለወጠው በኋላ፣ አየር የሚወዱ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ስለሚቀይሩት ነው። እናቶች ይህንን በሥራ ያውቁታል፤ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት፣ አፉንም በጭቃ የሚመርጉት ለዚሁ ነው። ጠርሙስ የሚጨምረው አየርን ጨርሶ መከልከልን ነው። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ጋን በጥቂቱም ቢሆን ይተነፍሳል፤ በቆርኪ የታሸገ ጠርሙስ ግን አይተነፍስም። ያልበሰለ ጠላ ቢታሸግበት እርሾው ውስጥ ሆኖ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ጋዙም መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። የተሰበረ ብርጭቆ ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ ጠላው መጨረሱን ይፈትን። ፈተናው ቀላል ነው፤ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥቂት ጠላ ተጨምሮ፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣና ክዳኑ ጠብቆ ሞቅ ባለ ክፍል ለአንድ ቀን ያድራል። በማግስቱ ጠርሙሱ ተነፍቶ ከጠነከረ ጠላው ገና ነው፤ ተጨማሪ ቀናት በጋኑ ይቆይ። እንደ ለሰለሰ ካደረ ወደ ማሸግ መሄድ ይቻላል።

ጠርሙሱ የቢራ ወይም የአምቦ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱም የጋዝ ግፊት እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና። የአረቄና የወይን ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። በሙቅ ውኃና በብሩሽ ታጥቦ፣ ወደ ብርሃን ተይዞ ስንጥቅ እንደሌለው ይታያል። ጠላው አተላው ሳይነካ በጥንቃቄ ተቀድቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይሞላል፤ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል። ቆርኪው አዲስ መሆን አለበት። አንዴ የተከፈተ ቆርኪ ተቀጥቅጦ ቢመለስም አየር ያስገባል።

እንዲሁ የታሸገ ጠላ በቀዝቃዛ ቦታ ቀናትን እንጂ ወራትን አይቆይም። ረዘም ላለ ጊዜ የሚፈለገው መሞቅ አለበት። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወይን እንዳይበላሽ ያጠናው ዘዴ ይኸው ነበር፤ የቢራ ፋብሪካዎችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ድስት ሥር ጨርቅ ይነጠፍና ጠርሙሶቹ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቆማሉ። እሳቱ ቀስ እያለ ከፍ ይደረግና ጠላው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል በዚያው ይጠበቃል። መለኪያው የሚገባው በድስቱ ውኃ ሳይሆን ሳይታሸግ በተተወ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ውኃው ሁልጊዜ ከጠላው ቀድሞ ይሞቃልና። ድስቱ ክዳን ይኑረው፣ የሞቀውም ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ አይንካው። ጣዕሙ ከትኩስ ጠላ ትንሽ መለወጡ አይቀርም፤ ጠላ አዋቂዎች ይህን ቶሎ ይለዩታል፣ መሸሸግም አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ቆሞ ይቀመጥ። የታሸገበት ቀን ይጻፍበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሽግ ሰው ከአንድ ድፍድፍ አሥር ጠርሙስ ብቻ አሽጎ በየሳምንቱ አንዱን እየከፈተ ቢቀምስ፣ የራሱ ጠላ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ከማንም በላይ ያውቃል። ሲከፈት የሚፈነጥር ካለ የቀሩት ተጠቅልለው ቀዝቃዛ ቦታ ይሂዱ እንጂ ገበያ አይውጡ።

ለሽያጭ ሲታሰብ ጉዳዩ ከቤት ይወጣል። ስለ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስላለ ፈቃድና ቁጥጥር ይጠየቃል። አንዲት ጠላ ሻጭ ብቻዋን የቆርኪ መግጠሚያ፣ የሙቀት መለኪያና ንጹሕ ክፍል ልታሟላ አትችልም፤ ሃያ ሆነው በማኅበር ቢደራጁ ግን ይችላሉ። ከዩኒየኑ የሚጠበቀው መግጠሚያውንና ቆርኪውን በጅምላ ገዝቶ ማቅረብ፣ ገብሱንና ጌሾውንም ያለ ደላላ ማድረስ ነው። ከወረዳው የሚጠየቀው ደግሞ ውኃና ፍሳሽ ያለው አንድ የመሥሪያ ሼድ ነው።