ንግድንና ኮምፒዩተርን በአንድ ዲግሪ ስለ ማስተማር



ከካምፓላ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ቡጎሎቢ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ፖርት ቤል ወደብ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ ኮረብታማ ሰፈር ነው። በላይኛው ወገን ጸጥ ያሉ መኖሪያ ቤቶች፣ በታችኛው ወገን ደግሞ ረግረጉና መጋዘኖቹ ይታያሉ። የዩጋንዳ ቡና በመንግሥት ቦርድ እጅ ብቻ ወደ ውጭ ይላክ በነበረበት ዘመን፣ የዚያ ቦርድ ትልቅ ሥራ ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሰፈር ነበረ። ከቡጎሎቢ ጋር ኩታ ገጠም በሆነው በናካዋ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይገኛል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማከሬሬ በ1922 የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ኮሌጅ ሆነ፤ ከ1963 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪቃ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኖ ቆይቶ በ1970 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ግን የተቋቋመው በ1997 ነው፤ ይኸውም የማከሬሬ የንግድ ፋኩልቲና በናካዋ የነበረው ብሔራዊ የንግድ ትምህርት ኮሌጅ ሲዋሐዱ ነው። ዛሬ በዚያ ከሚሰጡት ዲግሪዎች አንዱ ቢዝነስ ኮምፒዩቲንግ ይባላል። ተማሪው የሒሳብ አያያዝን፣ የሥራ አመራርንና የገበያን ትምህርት ከፕሮግራም አጻጻፍ፣ ከመረጃ ቋት አሠራርና ከኮምፒዩተር አውታር ትምህርት ጋር አጣምሮ ይማራል። ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚማሩም አሉ። ደክሞ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ስለ ደመወዝ መዝገብ አሠራር ሲማር፣ ጠዋት ራሱ የፈረመበትን ወረቀት እያሰበ ነውና፣ ለአስተማሪው ከሁሉ የሚጠቅም ተማሪ እርሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ጣምራ ትምህርት ብዙ ሰዎች የዘመኑ ፋሽን አድርገው ይመለከቱታል። ነገር ግን ነገሩ ከኮምፒዩተር ታሪክ መጀመሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ለንግድ ቤት የዘወትር ሥራ እንዲያገለግል በዓለም የመጀመሪያው ኮምፒዩተር የተሠራው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ የሠራውም ላየንስ የተባለ የሻይ ቤቶችና የዳቦ መጋገሪያ ባለቤት የሆነ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በከተማው ሁሉ በተበተኑት ሻይ ቤቶቹ በየቀኑ እጅግ ብዙ ትናንሽ ሽያጭ ስለሚያካሂድ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ የሳንቲም ያህል ሆኖ፣ ያንን ሳንቲም ለመመዝገብ የሚያስፈልገው የጸሐፊ ወጪ ግን ብዙ ነበረ። በ1947 ሁለት ሹማምንቱን ወደ አሜሪካ ሰደደ። በዚያም አገር የሚሠራው አዲስ የስሌት መኪና ለወታደርና ለሳይንስ ሰዎች የታሰበ ሆኖ ቢያገኙትም፣ በራሳቸው አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሥራ መጀመሩን ሰምተው ተመለሱ። ኩባንያው ለካምብሪጅ ገንዘብና አንድ ባለሙያ ሰጠ፤ የካምብሪጁ መኪና በ1949 ሲሠራ የእርሱን ምሳሌ ተከትሎ ሊዮ የተባለውን የራሱን አዘጋጀ። በ1951 ሊዮ የዳቦ መጋገሪያዎቹን የምርት ዋጋ መተመን ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህር የሚጠቅመው የመኪናው ግዝፈት ወይም ፍጥነት አይደለም። ላየንስ ከመኪናው አስቀድሞ የቢሮ አሠራርን ብቻ የሚመረምር ክፍል ነበረው። የዚያ ክፍል ሰዎች እያንዳንዱ ወረቀት ከየት ተነሥቶ ወደ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚፈርምበትና ስለ ምን እንደሚፈርም እየተከታተሉ ይጽፉ ነበር። የሻይ ቤቶቹን ትእዛዝ ለሊዮ ሲሰጡ ያገኙት ዘዴ ይህን ያስረዳል። በየቀኑ እያንዳንዱ ሻይ ቤት የሚፈልገውን ዳቦና ኬክ ሁሉ ዘርዝሮ ከሚልክ ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የተወሰነ የዘወትር ትእዛዝ በመዝገብ ተቀመጠለት፤ ከዚያ ወዲያ በስልክ የሚነገረው ከዘወትሩ የተለየው ብቻ ሆነ። ይህን ማሰብ የሚችለው ማን ነው? ሻይ ቤቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው መኪናው ስለሚችለው ነገር አያውቅም፤ መኪናውን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ የሻይ ቤቷ ኃላፊ የማክሰኞ ትእዛዝ ከሰኞው ብዙ እንደማይለይ አያውቅም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ከዚህ የበለጠ የሚመረመር ምሳሌ ይገኛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራውን ሲጀምር የታሰበለት ዓላማ መልካም ነበረ። ከዚያ በፊት ገበሬው ዋጋውን የሚሰማው ከነጋዴው አፍ ነበረ፤ ነጋዴውም ገንዘቡ በጊዜው እንዲከፈለው የሚተማመነው በሰው ብቻ ነበረ። በአዲሱ አሠራር ቡናው ወደ ገበያው መጋዘን ገብቶ ናሙና ይወሰድለታል፤ ተቆልቶና ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ በኮምፒዩተር የተመዘገበ የመጋዘን ደረሰኝ ያገኛል። ሽያጩ በአዲስ አበባ በገበያው አዳራሽ በጩኸትና በመዳፍ መማታት ይፈጸም ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት የጀመረው በ2015 ነው። ክፍያው በማግሥቱ ለሻጩ እንዲደርስ ተደረገ። በብድር ሸጦ ወራት ሲጠብቅ ለኖረ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ቡናው በመጋዘን ውስጥ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል፣ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያና ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ የሚናገር መዝገብ ጠፋ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና በራሳቸው እርሻ የሚያመርቱ በቀጥታ እንዲልኩ ስለ ተፈቀደላቸው ከዚህ ተርፈዋል፤ የቀረው አቅራቢ ግን አልተረፈም። በውጭ አገር ልዩ ቡና የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ዋጋ የሚጨምሩት ስለ ደረጃው ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታው ስም ጭምር ነው። ይርጋጨፌ የሚል ስም ቀርቶላቸው ነበረ፤ የሚፈልጉት ግን በይርጋጨፌ ውስጥ የትኛው ጣቢያ እንደ ሆነ ነው። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ፣ በ2017 በተጀመረው ማሻሻያ የቡናው መነሻ እንዲታወቅና ገዢና ሻጭ በቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ እንዲከፈት ተደረገ።

ጉድለቱ የኮምፒዩተር አልነበረም፤ መዝገቡ የታዘዘውን ሁሉ በትክክል ይዟል። የቡና ነጋዴም አላዋቂነት አልነበረም፤ ቡናን በደረጃ መሸጥ በዓለም የታወቀ ልማድ ነው። ጥያቄው በመዝገቡ ላይ የትኛው ነገር ይጻፍ፣ የትኛውስ ይቅር የሚል ነበረ። አንድ ተጨማሪ ዓምድ መጨመር ለፕሮግራም ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ያንን ዓምድ እውነተኛ ለማድረግ ግን እያንዳንዱን ከረጢት ለይቶ የሚያስቀምጥ መጋዘን፣ ተጨማሪ ሠራተኛና ተጨማሪ ወጪ ያስፈልጋል። ወጪው ከሚገኘው የዋጋ ጭማሪ ጋር ተመዛዝኖ መወሰን ነበረበት። የጣምራው ዲግሪ ተማሪ ሊሠለጥን የሚገባው እንዲህ ላለው ሚዛን ነው፤ ፈተናውም ከዚህ ዓይነት ጉዳይ ቢወጣ ይሻላል።

ዩጋንዳም የራሷ ምሳሌ አላት። በ2009 ኤም ቲ ኤን በስልክ ገንዘብ የመላክን አገልግሎት በዚያ አገር ጀመረ፤ ባንክ አይቶ የማያውቅ ብዙ ሕዝብም ተቀበለው። በ2018 መንግሥት በዚሁ አገልግሎት ላይ ከመቶ 1 ግብር ጣለ። ግብሩ ገንዘብ ሲገባም፣ ሲላክም፣ ሲወጣም የሚቆረጥ ስለ ነበረ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ በዚያው ዓመት ወደ ግማሽ ተቀንሶ ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ቴሌብር በ2021 በኢትዮጵያ ሥራ ስለ ጀመረ፣ የዩጋንዳው ታሪክ በአዲስ አበባም ክፍል ውስጥ ሊጠና የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መድረስ ያስፈልጋል። ዕውቁ ዩጋንዳዊ ሊቅ ማሕሙድ ማምዳኒ በ2007 ባወጣው መጽሐፍ ከ1989 እስከ 2005 በማከሬሬ የተካሄደውን ለውጥ መርምሮ ብርቱ ትችት አቅርቧል። መንግሥት ድጎማውን ሲቀንስ ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ለሚከፍሉ ተማሪዎች በሩን ከፈተ፤ ፋኩልቲዎቹም ገቢ ለማግኘት እየተሽቀዳደሙ ገበያ ያላቸውን አዳዲስ ፕሮግራሞች አወጡ፤ አንዱ የሌላውን ትምህርት ወስዶ በራሱ ቤት እስከ ማስተማር ደረሰ። ምርምር ተዳከመ፤ ክፍሉ በተማሪ ተጨናነቀ። የተለያዩ ዕውቀቶች መገናኘታቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ግንኙነቱ ከዕውቀት ፍላጎት ሳይሆን ከገንዘብ ፍላጎት ሲወለድ ምን እንደሚሆን መጽሐፉ ያሳያል።

ይህ ትችት በማከሬሬ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የንግድንና የኮምፒዩተርን ትምህርት የሚያጣምር ማንኛውም ኮሌጅ ሊመልስለት ይገባል። ከንግድ ክፍል ግማሹን፣ ከኮምፒዩተር ክፍል ግማሹን ኮርስ ወስዶ አዲስ ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ አዲስ መምህር መቅጠርም አያስፈልግም። ተማሪው ግን ሁለቱን ግማሾች በራሱ ጭንቅላት እንዲያገናኝ ብቻውን ይተዋል። አራት ዓመት ተምሮ ወደ ባንክ ሲሄድ ከሒሳብ ዐዋቂው ያነሰ ሒሳብ፣ ከመሐንዲሱ ያነሰ ፕሮግራም ያውቃል፤ ማንኛውም ቀጣሪ ይህንን በመጀመሪያው ወር ይለየዋል። ክፍያውን የከፈለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ላሟን ወይም መሬቱን የሸጠ ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ዲግሪ ሲከፍት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሁለቱን ወገን የሚያውቅና ሁለቱን በአንድ ክፍል የሚያስተምር መምህር ስንት አለው የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ሁለቱ ትምህርቶች የመጡት በተለያየ መንገድ ነው። በሰንጋ ተራ ሲታወቅ የኖረው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1943 ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ለመሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ሠራተኛና ጸሐፊ እያሠለጠነ ያወጣ ነባር ቤት ነው። የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ደግሞ በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ተብሎ በተቋቋመው ትምህርት ቤት በድኅረ ምረቃ ተጀመረ። በኋላም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ የንግድ ሥራ አስተዳደርና የመረጃ ሥርዓት በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ሲሰጥ ቆይቷል። የሰንጋ ተራው ወግ ለዚህ ሥራ ብርቱ መሠረት ነው፤ ምክንያቱም ደረሰኝን ከደረሰኝ ማመሳከር፣ ገቢን ከወጪ ማስታረቅ፣ የጎደለውን ሳንቲም እስኪገኝ መፈለግ ለመረጃ ባለሙያም የመጀመሪያው ጠባይ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚቀር አንድ ነገር አለ። ወደዚህ ዲግሪ የሚሄድ ልጅ ሒሳብ ይችል እንደ ሆነ ሁሉም ይጠይቃል፤ መጻፍ ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የአንድን ወፍጮ ቤት የቀን ሥራ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው፣ ማን ምን እንደሚመዝን፣ ማን ገንዘብ እንደሚቀበል፣ በዱቤ የወሰደው ጎረቤት የት እንደሚጻፍ፣ በሚገባ አማርኛ በሁለት ገጽ መግለጽ የማይችል ተማሪ ያንኑ ወፍጮ ቤት በኮምፒዩተር ሊገልጸው አይችልም። ይህ ልምምድ መብራትም መኪናም አይፈልግም። ተማሪው ደብተር ይዞ ወደ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ይላካል፤ ባለቤቱን እርስዎ እያለ በትሕትና ይጠይቃል፤ ጽፎ ሲመለስ መምህሩ ጽሑፉን ለባለቤቱ መልሶ እንዲያነብላቸው ያዘዋል፤ ባለቤቱም «ይህስ እንዲህ አይደለም» ያሉበትን ቦታ ሁሉ ተማሪው በቀይ ቀለም ያርማል።