ወንዙን የተሻገረው ዋርድ

የዋሽንግተን ዲሲ ስምንት ዋርዶች (የምርጫ ወረዳዎች) በየ10 ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ወሰናቸው ይከለሳል። በ2020 ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 689,545 ነበር፤ ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ዋርድ 86,000 ገደማ ይደርሰዋል። ሕጉ ከዚህ ከ5 በመቶ በላይ መብለጥም ሆነ ማነስ አይፈቅድም። በኔቪ ያርድ ሰፈር አፓርታማው እንደ አሸን ፈልቶ ዋርድ 6 ከልኩ አለፈ፤ በአብዛኛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ላሉት 7 እና 8 ግን ሰው አነሳቸው።

የከተማው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ነዋሪውን በየዋርዱ አዳመጠ። ወዲህ ማዶ «ሰፈራችንን አትክፈሉብን» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ወዲያ ማዶ የነበረው ስጋት ደግሞ የባሰ ነው፦ ገንዘብ ያለው አዲስ መራጭ ሲቀላቀል ድምፃችን ይዋጣል የሚል። ለዘመናት ችላ የተባለ ሰፈር እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን ሌላ መውጫ አልሰጠም፤ በ2021 መጨረሻ ምክር ቤቱ አብዛኛውን ኔቪ ያርድ ወደ ዋርድ 8 አዞረ።

ቀጣዩ ክለሳ ከ2030 ቆጠራ በኋላ ነው። ቆጠራው ዜጋ ያልሆነውንም ነዋሪ ስለሚያካትት፣ ገና ወረቀት የምትጠብቁም መጠይቁን ሙሉ።