የድሮ ሞተር በአዲስ ፒካፕ ላይ ከመግጠማችን በፊት

(በመንደራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ የዲላ መካኒክ ያደረጉት ንግግር)



ጋራዥ የሚመጣ ሁሉ «የሃይሉክሴን ሞተር አውጥተህ የድሮውን ግጠምልኝ» ይለኛል። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ከኮቸሬ ወይም ከይርጋጨፌ የተጫነ እሸት ቡና በለቀማው ዕለት መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል። መኪናው መንገድ ላይ ቆመ ማለት የዓመት ድካም ቆመ ማለት ነው።

5ኤል የሚባለው የድሮ ሞተር ናፍጣ የሚያገኘው በሜካኒካል ፓምፓ ነው፤ ሲበላሽ እጃችን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ቪጎ ወዲህ ብዙዎቹ ናፍጣውን የሚረጩት በኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው፤ ቆሻሻና ውሃ ያለበት ናፍጣ አይችሉም። ታዲያ ለውጡ የሚያስከትለውን እንወቅ።

አንደኛ፣ ጉልበት። 5ኤል 3 ሊትር ገደማ ቢሆንም ቱርቦ የለውም። ወደ ቡሌ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ጭነት መቀነስ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሬን። ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው ቫኩም ፓምፕ 5ኤል ላይ ከዲናሞው ጀርባ ነው። ቱቦው ከወለቀ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አንድ የሠፈራችን ልጅ ሦስት ሰው ይዞ ከቡሌ ሲወርድ ይኸው ደረሰበት። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየያዘ፣ እግዜር ረድቶት ዳር አስጠግቶ አቆመው። ያንን ቱቦ ሳያጠብቅ የለቀቀው መካኒክ እኔ ነኝ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩትም ስለዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በብዙ መኪና ላይ የሙቀት መርፌው አብሮ ይሞታል። ሹፌሩ ሳያውቅ ሞተሩ ይነዳል። ለብቻው ጌጅ አስገጥሙ።

አራተኛ፣ ሊብሬ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ከመለወጣችሁ በፊት መመዝገቢያ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ የግዢውን ደረሰኝ አትጣሉ። ቁጥሩ ካልተስማማ ቦሎ ሲታደስም ሆነ መኪናው ሲሸጥ ጣጣ ነው።

በመጨረሻም፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አስቀድማችሁ ፊልትሮውንና ኖዝሉን አስመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያው ነው። ሞተሩ ከተለወጠም ባዶውን፣ ሜዳ ላይ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሳትሞክሩ ሰው አትጫኑ።