ጉድጓድ፣ ኮኮናትና የመሬት ክፍፍል፤ የጄራልድ ጋላገር የሥራ ዘመን በፊኒክስ ደሴቶች



በመንግሥት ሥራ የኖረ ሰው ስሙ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በደከመበት ነገር ሳይሆን በአጋጣሚ በእጁ ባለፈ ጉዳይ ነው። የሥራ ታሪካቸው ዛሬ የሚነገርላቸው ጄራልድ በርናርድ ጋላገር ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች የሚያውቋቸው በአንድ ሣጥን አጥንት ምክንያት ነው፤ እርሳቸው ግን ጤናቸውን የጨረሱት በጉድጓድ ውሃ፣ በኮኮናት ተክልና በመሬት ክፍፍል ላይ ነበር። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ የተበተኑት የጊልበርትና የኤሊስ ደሴቶች ከ1892 ጀምሮ የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት፣ ከ1916 ወዲህ ደግሞ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ደሴት ሲባል ተራራና ወንዝ ያለበት አገር በሐሳብ ይመጣ ይሆናል፤ እነዚህ ግን አብዛኞቹ ከባሕሩ ወለል ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያሉ፣ የባሕር ኩሬ ከብበው እንደ ቀለበት የተጠማዘዙ ቀጫጭን የኮራል መሬቶች ናቸው። በ1930ዎቹ ዓመታት በደቡቡ የጊልበርት ደሴቶች ሕዝቡ በዝቶ፣ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ለብዙ ቤተሰብ የማይበቃ ሆኖ ነበር። በዚያ አገር መሬት የሌለው ሰው ኮኮናት የለውም፤ ኮኮናት የሌለው ደግሞ ምግብም፣ መጠጥም፣ ለግብር የሚሆን ገንዘብም የለውም። ስለዚህ በመሬት ጉዳይ ይሠሩ የነበሩት ሃሪ ሞድ መሬት ያነሳቸው ሰዎች ቋሚ ሕዝብ ወዳልነበረባቸው ወደ ፊኒክስ ደሴቶች ሄደው እንዲሰፍሩ ሐሳብ አቀረቡ። ለንደን ሐሳቡን የተቀበለችው ለድኾች በማዘን ብቻ አልነበረም። አሜሪካ በእነዚሁ ደሴቶች ላይ ለአውሮፕላን ማረፊያ ዓይኗን ጥላ ነበርና፣ በመሬቱ ላይ የሚኖር ሕዝብ መገኘቱ ከሰንደቅ ዓላማ የበለጠ ማስረጃ ይሆን ነበር።

በ1937 በጥቅምት ወር ሞድ የጊልበርት ሽማግሌዎችን ይዘው ደሴቶቹን ጎበኙ። ጋርድነር በተባለችው ደሴት ሽማግሌዎቹ ትላልቅ የቡካ ዛፎች ሲያዩ፣ ኔይ ማንጋኒቡካ የተባለችው የጥንት እናታቸው ትኖርበት ነበር የሚባለውን አገር አስታወሱና ደሴቲቱን ኒኩማሮሮ አሏት። ጋላገር ቅኝ ግዛቱን በአስተዳደር ተለማማጅነት የተቀላቀሉት በዚሁ ዓመት ነው። በ1912 የተወለዱ፣ በካምብሪጅ የተማሩ የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በ1938 ታኅሣሥ ኒኩማሮሮ ላይ ሲወርዱ የገጠማቸው ችግር አንድ ነበር፤ የሚጠጣ ውሃ።

እዚህ ላይ ነገሩን ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል። በኮራል ደሴት ላይ የሚዘንመው ዝናብ በተቦረቦረው ድንጋይ ውስጥ ይሰርግና ከሥር ካለው የባሕር ውሃ በላይ ይንሳፈፋል፤ ጨዋማው ውሃ ይከብዳልና። ጣፋጩ ውሃ ከባሕሩ ወለል በላይ አንድ ክንድ ከፍ ቢል ከወለሉ በታች ወደ 40 ክንድ ይወርዳል ተብሎ ይሰላል። ሆኖም ደሴቱ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ዝናቡ ለወራት ከተቋረጠ፣ ይህ ክምችት ይሳሳና ጉድጓዱ ጨው ይሆናል። በመካከለኛው ፓስፊክ ደግሞ ዝናብ የሚጠፋባቸው ተከታታይ ዓመታት ይመጣሉ። የቡካው ዛፍ ለምለምነት ያለፈውን ዝናብ መሰከረ እንጂ ለሚመጣው ዋስ አልሆነም።

ሞድ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ የሰፈራው ኃላፊነት በጋላገር ትከሻ ላይ ወደቀ። ማንራ፣ ኦሮናና ኒኩማሮሮ የተባሉት ሦስቱ ደሴቶች በባሕር የተራራቁ ናቸው፤ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላም መርከብ ብርቅ ሆነ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኙት በቴሌግራም ነበር። ዱሩን ማስመንጠር፣ ኮኮናት ማስተከል፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ለየቤተሰቡ መሬት መስጠት፣ ሒሳብ መያዝ፣ ይህን ሁሉ በየሦስት ወሩ በሪፖርት ማሳወቅ ሥራቸው ነበር። የተተከለ ኮኮናት እስኪያፈራ ስድስትና ሰባት ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ እርሳቸው የሚያስተክሉት እርሳቸው ለማያዩት ጊዜ ነበር።

በ1940 መስከረም መኖሪያቸውን ኒኩማሮሮ ላይ አደረጉ። እዚያም ሠራተኞች ቀደም ብለው የራስ ቅል አግኝተው መቅበራቸውን ሰሙና ቦታውን ፈተሹ። ሌሎች አጥንቶች፣ የጫማ ሶል ቁራጭ፣ ጠርሙስ፣ መርከበኞች የፀሐይን ከፍታ የሚለኩበት መሣሪያ ሣጥን ተገኙ። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት በዚያ አካባቢ ከጠፋች ከሐምሌ 1937 ወዲህ ሦስት ዓመት አልፎ ነበርና፣ የእርሷ ሊሆን እንደሚችል ለአለቆቻቸው ቴሌግራም ላኩ። ነገሩ በምስጢር እንዲያዝ ታዘዙ። አጥንቶቹ ወደ ፊጂ ተልከው በ1941 ዶክተር ሁድለስ 13ቱን መርምረው የወንድ ናቸው አሉ፤ ከዚያ በኋላ አጥንቶቹ ጠፉ። መዝገቡ በ1997 በታራዋ ቤተ መዛግብት ሲገኝ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። በ2018 የአጥንት ሊቁ ሪቻርድ ጃንትዝ የሁድለስን ልኬት እንደገና አስልተው ከኤርሃርት አካል ጋር በእጅጉ ይቀራረባል አሉ፤ ሌሎች ግን አልተቀበሉትም። ያም ሆነ ይህ፣ አንድ ወጣት ሹም ከሥራው ውጭ የሆነውን ነገር እንኳ እንዳልባሌ ሳይጥል መዝግቦ በማስተላለፉ ነው ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር የተገኘው።

ጋላገር በ1941 ወደ ፊጂ ሄደው ሲመለሱ ታመው ነበር። መስከረም 24 ቀን ኒኩማሮሮ ደረሱ። አብሯቸው የነበረው ሐኪም ቀዶ ሕክምና ቢያደርግላቸውም በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 27፣ በ29 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩትም በዚያው፣ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብ ነው። ሰፋሪዎቹ ስማቸውን በቋንቋቸው «ካራካ» ይሉት ነበርና መንደሩ ካራካ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ድርቁ ተመላለሰ። የማንራ ሰዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ መውጣት ጀመሩ፤ የኦሮናና የኒኩማሮሮም በ1963 ለቀቁ። የኪሪባስ መንግሥት ሐምሌ 12 ቀን 1979 ነፃነቱን ሲያገኝ በሦስቱም ደሴቶች ላይ ሰፋሪ ሕዝብ አልነበረም። ብሪታኒያ መጀመሪያ መሬት ለሌላቸው ሰዎች ብላ ያሰፈረቻቸውን፣ ውሃ ሲጠፋ ወደ ሰሎሞን ደሴቶች አጋዘቻቸው፤ በዚያም የሌላ ሕዝብ ጎረቤት ሆነው ሁለተኛ ጊዜ መመንጠርና መትከል ጀመሩ። በዋጊና ደሴት ላይ ካቋቋሟቸው መንደሮች አንዱን ኒኩማሮሮ ብለው ሰየሙት።